ሬድ አሽ እርሳስ ይይዛል? ከወንፊት እስከ ቱቦ የሚያደርስ የሙከራ መመሪያ

ግቢ በክረምት ጭቃ እንዳይሆን የሚደፋውን ቀይ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ጠጠር ታውቁታላችሁ። ግንበኞች ሬድ አሽ ይሉታል። ከቢሾፍቱና ከቡታጅራ አካባቢ ኮረብታዎች እየተዛቀ በገልባጭ መኪና ይመጣል። እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ ነው። ገና ቀልጦ ሳለ ውስጡ ጋዝ ነበረበት፤ ጋዙ ሲያመልጥ ቀዳዳው ቀረ። እግር የምንፈገፍግበት ድንጋይም የቅርብ ዘመዱ ነው።

ይኸው ድንጋይ ውሃ ውስጥ የሟሟ እርሳስ፣ ካድሚየምና መዳብ ይይዛል። ምን ያህል ይይዛል? በምን ሁኔታ? መቼ ይጠግባል? ይህ መመሪያ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በገዛ እጃችሁ እንድትመልሱ ነው የተጻፈው። የመመረቂያ ጽሑፍ ለምትሠሩ፣ በፋብሪካ ወይም በወርክሾፕ የፍሳሽ ውሃ ለምትከታተሉ፣ ትምህርት ቤት ላብራቶሪ ለምታስተምሩ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። በዚህ መንገድ ያጣራችሁትን ውሃ አትጠጡ፣ ለማንም አታጠጡ። ለመጠጥ የሚሆን ማጣሪያ በተከታታይ የላብራቶሪ ምርመራ የሚረጋገጥ ሌላ ሥራ ነው። እዚህ የምንሠራው ሙከራ ነው፤ ቢበዛ ደግሞ ፍሳሽ ወደ ውጭ ከመለቀቁ በፊት የሚያልፍበት የመጨረሻ ማጣሪያ።

ጠላትን ማወቅ

ውሃ ሲደፈርስ ዓይን ያየዋል። ጀርም ካለበት ሆድ ይናገራል። እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ክሮሚየም፣ አርሴኒክ ግን ጉዳት በሚያደርሱበት መጠን እንኳ ቀለምም ሽታም ጣዕምም የላቸውም። ማፍላት አይረዳም። ውሃው ሲተን ብረቱ እዚያው ስለሚቀር ጭራሽ ይወፍራል። ክሎሪንም ጀርም ይገድላል እንጂ ብረት አይነካም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር እርሳስ 10፣ አርሴኒክ 10፣ ካድሚየም 3፣ ክሮሚየም 50 ማይክሮግራም ነው። ቁጥሩን ለመጨበጥ እንዲህ አስቡት። 10,000 ሊትር የሚጭን የውሃ ቦቴ ውስጥ 30 ሚሊግራም ካድሚየም ብቻ ከገባ ጣሪያው ላይ ደረሰ ማለት ነው። 30 ሚሊግራም በሁለት ጣት ከምትቆነጥሩት ጨው በብዙ ያንሳል።

እዚህ አገር የት ይገኛል ብላችሁ ብትጠይቁ ሩቅ መሄድ የለባችሁም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የአዲስ አበባን የፋብሪካና የጋራዥ ፍሳሽ ተሸክመው አባ ሳሙኤል ይገናኛሉ። በመንገዳቸው ሰላጣና ጎመን ያጠጣሉ። ሞጆ ላይ ቆዳ ፋብሪካዎች አሉ፤ ቆዳ የሚለፋው ደግሞ በክሮሚየም ጨው ነው። የባትሪ ጥገና፣ የብረት ቅብ፣ የቀለም ሥራ፣ ሁሉም የየራሱን ብረት ይለቃል።

ድንጋዩ እንዴት ይይዛል?

ስፖንጅ ውሃ ሲመጥ ውሃው ወደ ውስጡ ይገባል። እዚህ ግን ብረቱ የሚለጠፈው ገጹ ላይ ነው። አድሶርፕሽን የሚሉት ይህንን ነው። ስለዚህ ገጽ የበዛለት ድንጋይ ብዙ ይይዛል፤ ቀዳዳውን የምንወደውም ለዚህ ነው።

መያዣው አንድ ዓይነት አይደለም። ዜዮላይት የተባለው ማዕድን ውስጡ እንደ ጎጆ የተከፋፈለ ነው። በየጎጆው ሶዲየም፣ ፖታሲየም ወይም ካልሲየም ተቀምጧል። እርሳስ ሲመጣ ሶዲየሙ ተነስቶ ቦታውን ይለቅለታል። እንግሊዝ አገር ሴላፊልድ የሚገኘው የኒውክሌር ጣቢያ ከውሃ ውስጥ ሲዚየምና ስትሮንሺየም የሚለየው በዚሁ ማዕድን ነው፤ ከ1985 ጀምሮ። ቤንቶናይትም ሸክላ ሆኖ በተመሳሳይ መንገድ ይለዋወጣል። አፋር ውስጥ ይገኛል። ችግሩ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ቱቦ ውስጥ ከከተታችሁት ይደፍናል።

ሬድ አሽ ደግሞ ቅላቱን ያገኘው ከዛገ ብረት ነው። ዝገቱ ገጽ ላይ የእርሳስና የካድሚየም አዮኖች ይጣበቃሉ። በግራም የሚይዘው ከጥሩ ዜዮላይት ያነሰ ነው። ግን ርካሽ ነው፣ ቅርብ ነው፣ ውሃም በደንብ ያሳልፋል። በኔ ግምት ለአገራችን ወርክሾፕ ከውጭ ከሚመጣ ውድ ማጣሪያ እሱ ይሻላል፤ አንድ ኪሎ ውድ ዕቃ ጠግቦ ሲያበቃ ቀይሮ መግዛት የሚችል ስላላየሁ።

አሁን ትልቁ ሚስጥር። የድንጋይ ገጽ ቻርጅ አለው፤ ቻርጁን የሚወስነው የውሃው ፒኤች፣ ማለትም የኮምጣጣነቱ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን ውሃው ይኮመጥጣል። ውሃው ኮምጣጣ ሲሆን ገጹ ፖዘቲቭ ይሆናል፣ ፖዘቲቭ የሆነውን እርሳስ ይገፋዋል። ፒኤቹ ከፍ ሲል ገጹ ኔጋቲቭ ይሆንና ይስበዋል። ክሮሚየም 6 (መርዛማው የክሮሚየም ዓይነት) እና አርሴኒክ ግን ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉት በአብዛኛው ኔጋቲቭ ሆነው ስለሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ እነሱ የሚያዙት ፒኤች ዝቅ ሲል ነው። ለዚህ ነው «ሁሉንም ብረት የሚይዝ ማጣሪያ» የሚል ማስታወቂያ ሳይ የምስቀው።

የመጀመሪያው ሥራ፦ አንድ ብረት ምረጡ

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ከሆነ በመዳብ ጀምሩ። መዳብ ሰልፌት ሰማያዊ ነው፤ ወፍራሙ ሶሉሽን በዓይን ይታያል፣ ለሙከራው የሚቀጥነው ውሃ ግን ቀለሙ አይታይም። ተማሪም ይወደዋል። ከእርሳስና ከካድሚየምም አደጋው ያነሰ ነው፤ ቢሆንም አይቀመስም። ከዚያ በኋላ ወደ እርሳስ እለፉ።

1,000 ሚሊግራም በሊትር የሆነ ዋና ሶሉሽን የሚሠራው እንዲህ ነው። ለመዳብ 3.929 ግራም መዳብ ሰልፌት፣ ያውም አምስት ውሃ ያለው ሰማያዊው ክሪስታል። ለእርሳስ 1.598 ግራም ሌድ ናይትሬት፤ ውሃው 1 በመቶ ናይትሪክ አሲድ ይኑረው፣ ያለበለዚያ ይዘቅጣል። ለክሮሚየም 6 ደግሞ 2.829 ግራም ፖታሲየም ዳይክሮሜት። የመረጣችሁትን በአንድ ሊትር ቮልዩሜትሪክ ፍላስክ ውስጥ በዲስቲልድ ውሃ አሟሙታችሁ እስከ መስመሩ ሙሉ።

ከዚህ ዋና ሶሉሽን 5 ሚሊሊትር ወስዳችሁ ወደ አንድ ሊትር ስታሳድጉት 5 ሚሊግራም በሊትር ይሆናል። ሙከራው የሚሠራው በዚህ ነው።

ጓንትና መነፅር ይደረግ። ዳይክሮሜት ካንሰር አምጪ ነው፤ ዱቄቱ እንዳይቦንን በቀስታ መዝኑት። እርሳስ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ምሳ አይበላም። ይህን የምለው አይቼ ነው፤ ሚዛኑ አጠገብ ፍርፍር ተቋድሰን የምናውቅ ሰዎች አለን።

ድንጋዩን ማዘጋጀት

ሬድ አሹን ከክምሩ መሃል ውሰዱ። ላይ ላዩን አቧራና የመኪና ዘይት ይኖረዋል። ከአንድ ቦታ ብቻ አትዝገኑ፤ ከአራት አምስት ቦታ አንስታችሁ ቀላቅሉ። ቀዩና ጥቁሩ ለየቅል ስለሆኑ የትኛውን እንደያዛችሁ ጻፉ።

በሙቀጫ ውቀጡት። ከመውቀጣችሁ በፊት ትንሽ ውሃ እርጩበት፣ አፍንጫችሁንም በማስክ ሸፍኑ። የድንጋይ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ዱቄት እስኪሆን አትድከሙበት፤ ዱቄት ብዙ ይይዛል፣ ግን በኋላ ቱቦ ውስጥ ውሃ አያሳልፍም። የምንፈልገው ከግማሽ እስከ 2 ሚሊሜትር ነው። የላብራቶሪ ወንፊት ካለ መልካም። ከሌለ የመስኮት ወባ መከላከያ ሽቦ ቀዳዳው ከ1 ሚሊሜትር ትንሽ ይሰፋል፤ በሱ ያለፈውን በዱቄት ወንፊት ላይ ንፉት። ወንፊቱ ላይ የቀረው የናንተ ነው። ከሥር የወደቀው አቧራ ይጣል።

አሁን እጠቡት። የመጀመሪያው እጣቢ በርበሬ የተበጠበጠበት ይመስላል። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ጊዜ። እጣቢው ጠርቶ በብርጭቆ ውስጥ ጣታችሁን በወዲያኛው በኩል እስክታዩ ድረስ አታቁሙ። ከዚያ ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ ከትታችሁ አንድ አሥር ደቂቃ አፍሉት። ሲፈላ ከቀዳዳዎቹ ደቃቅ አረፋ እየተንጣጣ ይወጣል፤ ተንሳፍፎ የነበረው ፍንካችም እየከበደ ይሰምጣል። አየሩ ወጥቶ ውሃ ገባ ማለት ነው። አየር የሞላው ቀዳዳ ብረት አይዝም። በመጨረሻ ኦቨን ውስጥ በ105 ዲግሪ አሳድራችሁ አድርቁት፤ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ።

የድንጋዩን ጠባይ በፒኤች ሜትር ብቻ ማወቅ ይቻላል

ይህ ሙከራ ርካሽ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል። በሊትር 0.58 ግራም ጨው ያለበት ውሃ ሥሩ፤ አዮዲን የሌለው ንጹሕ ሶዲየም ክሎራይድ ይሁን። በስምንት ጠርሙስ 50 ሚሊሊትር እየቀዳችሁ ፒኤቹን በ3፣ 4፣ 5 እያላችሁ እስከ 10 አስተካክሉ። ለማውረድ የቀጠነ ናይትሪክ አሲድ፣ ለማውጣት የቀጠነ ኮስቲክ ሶዳ። በእያንዳንዱ አንድ ግራም ድንጋይ ጨምሩ፣ ክደኑ፣ እያንቀሳቀሳችሁ አንድ ቀን አቆዩ። በነጋታው እንደገና ለኩ።

አንዳንዱ ፒኤች ይወጣል፣ አንዳንዱ ይወርዳል። ያልተነቃነቀበት ነጥብ የድንጋያችሁ ሚዛን ነው። ከዚያ ነጥብ በላይ ገጹ ኔጋቲቭ ነው፤ እርሳስ፣ ካድሚየም፣ መዳብ ይወዳል። ከዚያ በታች ፖዘቲቭ ነው፤ ክሮሚየም 6 እና አርሴኒክ ይወዳል። ከመጽሐፍ የተቀዳ ቁጥር አያዋጣም። የሁለት ኮረብታ ሬድ አሽ ሁለት ጠባይ ሊኖረው ይችላል።

ዋናው ሙከራ፣ የኔም ውርደት

የመጀመሪያ ጊዜ ስሠራ 98 በመቶ እርሳስ ጠፋ። ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ለጓደኞቼ ሁሉ ደወልኩ። አንድ አዛውንት ቴክኒሻን መጥተው ማስታወሻዬን አገላብጠው «ድንጋይ የሌለበት ጠርሙስህስ?» አሉኝ። አልነበረኝም። በማግስቱ ያለድንጋይ፣ በዚያው ፒኤች ደገምኩት። እርሳሱ ያለድንጋይም ጠፋ ማለት ይቻላል። ፒኤቹን 8 አድርጌው ስለነበር እርሳሱ ራሱ ዘቅጦ ታች ተኝቷል። ድንጋዬ ምንም አልሠራም፤ የሠራው ኮስቲክ ሶዳው ነው።

ስለዚህ በየዙሩ ሁለት ባዶ ምስክር ይኑራችሁ። አንዱ ብረት ያለበት፣ ድንጋይ የሌለበት ውሃ ነው፤ የዘቀጠውንና ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ያሳያል። ሁለተኛው ድንጋይ ያለበት፣ ብረት የሌለበት ውሃ ነው፤ ድንጋዩ ራሱ የሚለቀውን ያሳያል። ይህን ሁለተኛውን በስምጥ ሸለቆ ድንጋይ ላይ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ እየሟሟ ስለሚገባ ነው። እርሳስ አወጣን ብላችሁ ፍሎራይድ እንዳትጨምሩ እሱንም አስለኩ።

ለእርሳስና ለመዳብ ፒኤቹን 5 አካባቢ ያዙ። እዚያ ላይ አይዘቅጡም፤ የጠፋው ሁሉ ድንጋዩ ላይ ነው ማለት ትችላላችሁ። ሙከራው እየሄደ ድንጋዩ ፒኤቹን ወደ ላይ ስለሚገፋ መጨረሻ ላይም ለክታችሁ ጻፉ።

መጀመሪያ ሰዓቱን ፈልጉ። ሰባት ጠርሙስ አዘጋጁ። በእያንዳንዱ 100 ሚሊሊትር የ5 ሚሊግራም ውሃና አንድ ግራም ድንጋይ ይግባ። ሼከር ላይ በደቂቃ 150 ዙር። አንዱን በ5 ደቂቃ አውጡ፣ ሌላውን በ15፣ በ30፣ ከዚያ በ1 ሰዓት፣ በ2፣ በ4፣ የመጨረሻውን በ24 ሰዓት። ከአንድ ጠርሙስ ደጋግሞ መቅዳት ውሃውን ስለሚያሳንሰው ስሌቱን ያበላሻል። ሼከር ከሌለ በእጅ በየአምስት ደቂቃው መነቅነቅ ይቻላል፤ ያንን 24 ሰዓት ማድረግ ግን ለጠላትም አይመኙት።

ቁጥሩ መጀመሪያ በፍጥነት ይወርዳል፣ ከዚያ ይተኛል። የተኛበት ሰዓት ለቀጣዩ ሙከራ የሚበቃችሁ ሰዓት ነው።

ቀጥሎ መጠን። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ውሃ፣ 0.2፣ 0.5፣ 1፣ 2 እና 4 ግራም ድንጋይ ሞክሩ። እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ አድርጉት። ሦስቱ ካልተቀራረቡ የምታወሩት ስለ ድንጋዩ አይደለም፣ ስለ እጃችሁ ነው።

ናሙና አወሳሰድ

ጠርሙሶቹ ፕላስቲክ ይሁኑ፤ በ10 በመቶ ናይትሪክ አሲድ አሳድራችሁ በዲስቲልድ ውሃ አለቅልቋቸው። ውሃውን በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አሳልፉ፤ ከዚያ ናይትሪክ አሲድ ጠብ አድርጋችሁ ፒኤቹን ከ2 በታች አውርዱ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። ሳታጣሩ አሲድ ከጨመራችሁ ውሃው ውስጥ የተንሳፈፈው ደቃቅ ድንጋይ የያዘውን ብረት ሁሉ ይለቃል፤ ማጣሪያችሁም ያልሠራ ይመስላል። ክሮሚየም 6 ብቻ ከዚህ ይለያል፤ አሲድ አይጨመርበትም፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ይለካል። በዳይፈኒልካርባዛይድ ሐምራዊ ይሆናል፣ በ540 ናኖሜትር ይነበባል። እርሳስና ካድሚየም ግን አቶሚክ አብሶርፕሽን መሣሪያ ይፈልጋሉ፤ ዩኒቨርሲቲዎችና የውሃ ላብራቶሪዎች አላቸው። ለእያንዳንዱ ናሙና ስለምትከፍሉ መጀመሪያ በመዳብ እጃችሁን ማፍታታት ያተርፋል።

ስሌቱ

ሂሳቡ የሱቅ ሂሳብ ነው። ከመነሻው መጠን መጨረሻውን ቀንሱ፣ በውሃው ሊትር አባዙ፣ ለድንጋዩ ግራም አካፍሉ።

መነሻው 5 ሚሊግራም በሊትር ነበር፣ መጨረሻው 0.4 ሆነ እንበል። 4.6 ሲባዛ በ0.1 ሊትር 0.46 ይሆናል። ድንጋዩ አንድ ግራም ስለነበር በግራም 0.46 ሚሊግራም ያዘ። በመቶኛ 92 ነው።

ሰው ሁሉ 92ቱን ይጽፋል። እኔ 0.46ቱን ነው የምፈልገው። መቶኛ ድንጋይ በጨመራችሁ ቁጥር ያድጋል፤ ምንም አይነግራችሁም። 0.46ትም ብትሆን የምትሠራው ውሃው 0.4 ላይ ሲቀር ነው። የረጋው ውሃ 4 ቢሆን ድንጋዩ የበለጠ ይይዝ ነበር፣ 0.01 ቢሆን ደግሞ በጣም ያነሰ። የድንጋይ ሆድ እንደ ገበታው ነው። አንዳንድ ጽሑፎች በ500 ሚሊግራም የተለካ ትልቅ ቁጥር ይዘው ስለመጠጥ ውሃ ያወራሉ፤ አትመኗቸው።

ወደ እውነተኛው ውሃ

እስካሁን ያለው የዲስቲልድ ውሃ ዓለም ነው፤ ደጉ ዓለም። አሁን የወርክሾፑን ፍሳሽ አምጡና ያንኑ ሙከራ ድገሙ። ቁጥሩ ይወርዳል፣ አትደንግጡ። ውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየምና ማግኒዚየም ለዚያው ቦታ ይጋፋል። ሳሙናና ቆሻሻ ብረቱን አቅፎ ይይዘዋል። ለአርሴኒክ ደግሞ ፎስፌት ዋና ተቀናቃኝ ነው።

የፍሳሹ ብረት በሊትር በአስርና በመቶ ሚሊግራም የሚቆጠር ከሆነ ድንጋዩን አታድክሙት። መጀመሪያ ኖራ ጨምራችሁ አዝቅጡ። የቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም 3 ፒኤች 8 እና 9 መሃል ጥሩ አድርጎ ይዘቅጣል። ክሮሚየም 6 ካለ በፌረስ ሰልፌት ወደ 3 ቀይራችሁ ከዚያ ኖራ። ሬድ አሹ የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ የቀረውን ለመልቀም ነው።

ቱቦውን መገንባት

ውስጡ 10 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው፣ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ፒቪሲ ቱቦ ያዙ። ከታች ክዳን፣ ክዳኑ ላይ ቧንቧ። መጀመሪያ ወፍራም ጠጠር አምስት ሴንቲሜትር፣ ከላዩ ደቃቅ ጠጠር አምስት ሴንቲሜትር። ጥጥ አታድርጉ፤ እኔ አድርጌ በሁለተኛው ቀን ደፍኖ ሙሉውን ገልብጬዋለሁ።

ከዚያ ቱቦውን በግማሽ ውሃ ሙሉና የታጠበውን ሬድ አሽ እፍኝ እፍኝ እያላችሁ ውሃው ውስጥ ጣሉ። ደረቅ ድንጋይ ሞልቶ ውሃ ማፍሰስ አየር ያስቀራል፤ ውሃውም አንድ ቀዳዳ ፈልጎ በዚያ ብቻ ይሮጣል። ቱቦውን በጎን ቀስ እያላችሁ ነካ ነካ አድርጉ፣ ይረጋል። ድንጋዩ 60 ሴንቲሜትር ሲደርስ ቁሙ። ምን ያህል ኪሎ እንደገባ መዝናችሁ ጻፉ።

የድንጋዩ ቦታ 4.7 ሊትር ነው። ቦታው ባዶ እንደሆነ ቆጥረን ውሃው እዚያ ውስጥ 15 ደቂቃ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ በደቂቃ 315 ሚሊሊትር ገደማ ይለቀቅ፤ አራት የቡና ሲኒ ማለት ነው። በሰዓት 19 ሊትር። ከላይ በርሜል፣ ከሥር መውጫው ላይ ቧንቧ፤ የሚቆጣጠረው የመውጫው ቧንቧ ይሁን። መውጫውን ቱቦ ከድንጋዩ ከፍታ በላይ አጥፋችሁ ብትመልሱት በርሜሉ ባዶ ሲሆን እንኳ ድንጋዩ አይደርቅም።

ስንት ቀን ይሠራል? 4 ኪሎ ድንጋይ ገባ እንበል፣ በእውነተኛው ፍሳሽም በግራም 0.46 አገኛችሁ፣ የሚገባውም ውሃ 0.4 ሚሊግራም በሊትር ነው። 4,000 ግራም በ0.46 ሲባዛ 1,840 ሚሊግራም። ለ0.4 ሲካፈል 4,600 ሊትር። ይህ ወረቀት ላይ ነው። ድንጋዩ ከመጥገቡ በፊት ብረቱ ሾልኮ መውጣት ስለሚጀምር ከግማሽ በታች፣ 2,000 ሊትር አስቡ። በቀን 8 ሰዓት ብትሠሩ 13 ቀን አካባቢ ነው። ይህን ቁጥር ለአለቃችሁ ከመጀመሪያው ንገሩት። «ድንጋይ ነው፣ ዕድሜ ልክ ይሠራል» የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም።

በየ200 ሊትሩ ከመውጫው ናሙና ውሰዱ፤ ገንዘብ ካጠረ በኋለኞቹ ቀናት አዘውትሩ። ከሁሉ የሚሻለው ሁለት ቱቦ በተከታታይ ማሰር ነው። በመሃላቸው ናሙና ትወስዳላችሁ። የመጀመሪያው ማሳለፍ ሲጀምር ሁለተኛው ገና ትኩስ ነው። የመጀመሪያውን አውጥታችሁ ሁለተኛውን ወደ ፊት አምጡ፣ አዲሱን ከኋላ ቀጥሉ። ለአፍታም ያልተጠበቀ ውሃ አይወጣም።

ለአርሴኒክና ለክሮሚየም 6 ተራው ሬድ አሽ ካነሰባችሁ በብረት ልትቀቡት ትችላላችሁ። የታጠበውን ድንጋይ በፌሪክ ናይትሬት ሶሉሽን አርሱት፣ ኮስቲክ ሶዳ ጥቂት ጨምሩ፣ በ110 ዲግሪ ሌሊቱን አድርቁት፣ ቀለም መልቀቅ እስኪያቆም እጠቡት። ቀለሙ ወደ ጠቆር ያለ ቡናማ ይሄዳል።

የጠገበው ድንጋይ

ብረቱ አልጠፋም፤ ቦታ ቀየረ። ያ ድንጋይ ከእንግዲህ ሬድ አሽ አይደለም። ግቢ አይደፋም፣ መንገድ አይሞላም፣ አበባ ሥር አይደረግም። ዝናቡ ወይም ትንሽ አሲድ ሲያገኘው የያዘውን ይመልሳል።

ዜዮላይት ከሆነ በጨው ውሃ አጥቦ እንደገና መጠቀም ይቻላል። ግን እጣቢው ብረቱን ሁሉ ሰብስቦ የያዘ ነው፤ እሱም ወደ ኖራው በርሜል መመለስ አለበት። ለሬድ አሽ ይህን ድካም አልመክርም፤ አዲሱ ይረክሳል።

ጥቂት ከሆነ ውሃውን አጠንፍፋችሁ ከሲሚንቶ ጋር ለውሱት፣ ሲጠነክር ክዳን ባለው በርሜል አኑሩት። ብዙ ከሆነ የአካባቢያችሁን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን አነጋግሩ፣ አደገኛ ቆሻሻ ሆኖ ይመዘገባል። በርሜሉ ላይ በማይለቅ ቀለም የብረቱን ስም፣ ኪሎውንና ቀኑን ጻፉ። «እርሳስ» ብቻ ብላችሁ ግን አትተዉት። አንድ ጊዜ እንዲሁ የተጻፈበትን ሳጥን የጽሕፈት መሣሪያ መስሎት የከፈተ ሠራተኛ አጋጥሞኛል። «መርዝ» የሚለውን ከላይ፣ በትልቁ።